ደንቡን ያውቃሉ፤ ታዲያ ለምን ይሳደባሉ?

ጥያቄ፦ የ7ኛ ክፍል ኃላፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የራሳቸው የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ኢንተርኔት ላይ ስለሚገባ ሥነ ምግባር እንዳስተምር ተነገረኝና ደንቦቹን አንድ በአንድ አስተማርኳቸው። ፈተናም ሰጠሁ፤ አብዛኞቹ ደፍነው አመጡ። በዚያው ሳምንት የአንዲት ተማሪ ፎቶ መቀለጃ ተደርጎ ግሩፑ ላይ ተለቀቀ። ግማሹ ክፍል ሳቀ፣ ሌላው ዝም አለ። የቱ ጋ ነው የሳትኩት? ምንስ ላስተምራቸው?

ምላሽ፦ መምህር፣ ከምንም በፊት ስለ ልጅቷ ልበል። ስለ ትምህርቱ ከማሰብዎ በፊት ለብቻዋ ያነጋግሯት። ክፍል ፊት አይጥሯት፤ የደረሰባትንም ለምሳሌነት አያንሱት። “አይቼዋለሁ፤ የሆነው ነገር ልክ አይደለም። አሁን ምን ቢደረግ ይሻልሻል?” ይበሏት። መልሷን ይስሙና ምን እንደሚያደርጉ፣ ምን እንደማያደርጉ በግልጽ ይንገሯት። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ እንዴት እንደሆነች ይጠይቋት። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ጊዜ እንጠይቅና ሁለተኛውን እንረሳለን። ልጅቷ ግን ሁለተኛውን ትጠብቃለች።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ፈተናው አልዋሸዎትም፤ ልጆቹ ደንቡን ያውቃሉ። “ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው” ይባላል። እዚህ ግን እምቢ ያለ የለም። ምክሩን ሰምተዋል፣ ያምኑበታልም። ችግሩ የተማሩት ክፍል ውስጥ ተረጋግተው ተቀምጠው መሆኑ ነው። ምክሩ የሚያስፈልጋቸው ግን ማታ አልጋ ላይ ሆነው፣ ደማቸው ፈልቶ፣ የክፍሉ ልጅ ሁሉ እያያቸው ባለበት ሰዓት ነው። በትምህርት ቤት አማካሪነት ሥራዬ ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የሚያስተምሩት ነገር ስሜቱ ከመጣበት አንሥቶ ጣት “ላክ” የሚለውን እስኪነካ ድረስ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ምን እንደሚደረግ ነው። ያ ደግሞ በልምምድ እንጂ ደብተር ላይ በመገልበጥ አይመጣም።

በዚህ ዕድሜ የጓደኛ ዐይን ምን ያህል እንደሚከብድ አንድ ጥናት ልጥቀስ። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ነው። ሰዎችን በኮምፒዩተር የመኪና ጨዋታ አጫወቷቸው፤ አንዳንዶቹን ብቻቸውን፣ አንዳንዶቹን እኩዮቻቸው እያዩዋቸው። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት እኩዮቻቸው ሲያዩዋቸው ብቻቸውን ከሚጫወቱት በጣም የበለጠ አደጋ ደፈሩ። ከ24 ዓመት በላይ የሆኑት ላይ ግን የእኩያ መኖር ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ስልክ በእጁ የያዘ የ7ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ብቻውን የሚሆንበት ሰዓት የለም። ሎረን ሸርማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ወጣቶች ብዙ ላይክ እንዳገኘ ተደርጎ የቀረበላቸውን ፎቶ ሲያዩ እነሱም ላይክ ለማድረግ ይቀናቸው ነበር። የራሳቸው ፎቶ ብዙ ላይክ አግኝቶ ሲያዩት ደግሞ ከደስታና ከሽልማት ጋር የተያያዘው የአእምሮ ክፍል ይበልጥ ይነቃቃ ነበር። ያ ፎቶ ሲለቀቅ የሳቁት ልጆች ሁሉ ክፉዎች ናቸው ብዬ የማላምነው ለዚህ ነው። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ሳቁን አይቶ ሳቀ።

በዚያ ላይ የቦታው ጠባይ አለ። ፊት ለፊት ስንሆን ይሉኝታ ይይዘናል። የሰውየው ፊት ሲቀየር እናያለን፣ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፣ የጀመርነውን ቃል እንውጠዋለን። ጆን ሱለር የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደጻፈው፣ ኢንተርኔት ላይ ይህን ልጓም የሚያላሉ ነገሮች አሉ። አንተያይም። መልሱ ወዲያው ላይመጣ ይችላል። ስማችንን መደበቅ እንችላለን። የሚቆጣጠር ትልቅ ሰው ያለም አይመስለንም። ሱለር ሌላም ነገር አንሥቷል፤ ይኸው መላላት ደግነትንም ያወጣል። ፊት ለፊት አፉን የማይከፍት ዓይን አፋር ልጅ በጽሑፍ ጓደኛውን ያጽናናል። ይህን ለተማሪዎችዎ ይንገሯቸው። ስለ ስልክ መጥፎ መጥፎውን ብቻ የሚሰሙ ልጆች ጆሯቸውን ይዘጉብናል።

ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት ሲባል ብዙ ጊዜ አምስት ክህሎቶች ይዘረዘራሉ። ዝርዝሩ የመጣው ካዝል ከሚባለውና እ.ኤ.አ. በ1994 ከተቋቋመው ድርጅት ነው፦ ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ግንኙነትን መያዝና በኃላፊነት መወሰን። ጥሩ ዝርዝር ነው፤ ግን አምስቱን በአምስት ምዕራፍ አያስተምሩ። እንደገና ፈተና ይሆናል፣ እንደገናም ይደፍኑታል።

እኔ ብሆን ስሜትን በስሙ ከመጥራት እጀምራለሁ። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ስሜት የሚታይበት ፊት እያዩ ስሜቱን በቃል ሲሰይሙት አሚግዳላ የሚባለው የአእምሮ ክፍል እንቅስቃሴው ቀነሰ። ይህ ክፍል አደጋ ሲመጣ ቀድሞ የሚነሣ ነው። ልጆች ግን ለስሜት ያላቸው ቃል ትንሽ ነው። “ደበረኝ” ይላሉ፣ “አበሸቀኝ” ይላሉ፤ አለቀ። ከዚያ ሥር ቅናት ሊኖር ይችላል፣ እፍረት ሊኖር ይችላል፣ መገለል ሊኖር ይችላል።

አንድ ልጅ በክፍል ጓደኛው ፎቶ ሥር “አስቀያሚ” ብሎ ኮመንት ጻፈ እንበል። ለምን ሲሉት “ዝም ብዬ ነው” ይላል። ትንሽ ይቆዩና፣ ሳይቆጡ፣ “ይህን ከመጻፍህ በፊት ምን እያየህ ነበር?” ብለው ይጠይቁት። የልደት ፎቶ እያየ ነበር። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ተጠርተዋል፤ እሱ አልተጠራም። የጻፈው ስድብ ነው፣ የተሰማው ግን መገለል ነው። ይህ ከጥፋቱ ነጻ አያወጣውም፤ ይቅርታ መጠየቅም ኮመንቱን ማጥፋትም አለበት። ነገር ግን “እንደተገለልኩ ተሰማኝ” ማለት የቻለ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ የሚያደርገው ነገር ይኖረዋል። ለአንድ ጓደኛው ይነግራል፣ ወይም ግሩፑን ዘግቶ ይወጣል። “ደበረኝ” ብቻ ያለው ልጅ ግን ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ የሌላውን ሰው ቀን ማበላሸት።

በየሳምንቱ መጀመሪያ ትንሽ ወረቀት ያድሏቸው። ስም አይጻፍም። “ባለፈው ሳምንት ስልክ እያየሁ የተሰማኝ” ብለው በአንድ ቃል ይጻፉ። “ደበረኝ” እና “ተናደድኩ” አይፈቀዱም። ወረቀቶቹን ሰብስበው ያንብቡላቸው። ልጆቹ መጀመሪያ ይሳሳቃሉ። ቆይቶ ክፍሉ ዝም ይላል፤ “እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር” የሚል ፊት ያያሉ።

ሁለተኛው ልምምድ በጣም የምወደው ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ይጻፉ፦ “አንተም ትመጣለህ?” ከዚያ አምስት ልጆች በየተራ ያንብቡት። አንዱ በናፍቆት፣ አንዱ በንቀት፣ አንዱ በመገረም፣ አንዱ በድካም፣ አንዱ በፍርሃት። ክፍሉ በየንባቡ ይስቃል። ከዚያ “ስልክ ላይ የመጣው የቱ ነው?” ብለው ይጠይቁ። መልስ የለም። ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ይህንኑ በኢሜይል ፈትነዋል። ላኪዎቹ የምርና የሽሙጥ ዐረፍተ ነገሮች ላኩ። ተቀባዮቹ ከ100 ውስጥ 78 ያህሉን በትክክል ይለያሉ ብለው ገመቱ። የተለየው 56 ያህሉ ነበር። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። በድምፅ ሲሆን ግን ሰሚዎቹ በደንብ ይለዩ ነበር።

ልጆቹ ይህን ካዩ በኋላ የሚጠይቁት “ታዲያ ምን እንበል?” የሚለውን ነው። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። “ምን ማለትህ ነው?” ብለህ ጠይቅ ብንላቸው፣ ይህም ራሱ በጽሑፍ ሲመጣ ጠብ ይጭራል። ሰሌዳው ላይ ጽፈው ያስነብቡት፣ ያዩታል። ረዘም ያለና ለስለስ ያለ አባባል አብረው ይፈልጉ። “አልገባኝም፤ እየቀለድክ ነው ወይስ የምርህን ነው?” አንዱ ነው። ከዚህም የሚሻለው የድምፅ መልእክት መላክ ወይም መደወል ነው። ይህ ትልቅ ፍልስፍና አይደለም። ግን ብዙ የግሩፕ ጠብ የሚጀምረው ማንም ሳይሰድብ ነው።

ሦስተኛው እጅን መግታት ነው። “ከአሁን በኋላ አልሳደብም” የሚል ቃል ኪዳን ክፍል ግድግዳ ላይ ያምራል፤ ማታ ግን ትዝ አይልም። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናው ሌላ መንገድ አለ። ሰው “ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ” ብሎ ጊዜውንና ድርጊቱን አስቀድሞ ካገናኘ፣ ጊዜው ሲመጣ ድርጊቱ ይቀለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ይጻፍ። “ፊቴ ሲግል ስልኩን ገልብጬ አስቀምጥና ከክፍሉ እወጣለሁ።” “መልስ መጻፍ ካማረኝ ቻቱ ላይ ሳይሆን ማስታወሻ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ጠዋት አነበዋለሁ።” ማስታወሻ ላይ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቻቱ ላይ ከተጻፈ ጣት ያመልጣል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው። ከጠፋ በኋላ እንኳን ስክሪንሾቱ ሌላ ሰው ጋ ይኖራል።

ጽፈው ብቻ እንዳይተዉት፣ በአካል ያድርጉት። ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታ ተጫዋች ሜዳው ሲጮህበት የሚያግዘው ባዶ ሜዳ ላይ ደጋግሞ የመታው ነው። ትምህርት ቤትዎ ስልክ የማይፈቅድ ከሆነ ደብተር ይበቃል። አንዱ የሚያናድድ መልእክት ያነባል። ሌላው ደብተሩን ገልብጦ ያስቀምጣል፣ ይነሣል፣ ይራመዳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። የሞኝ ጨዋታ ይመስላል። ቢሆንም ያሠሯቸው፤ የሚያስታውሱት የሠሩትን ነው።

አሁን ዋናው ላይ ደርሰናል። እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፦ “ሌላው ዝም አለ።” ክፍሉን የሚለውጡት እነዚህ ዝም ያሉት ናቸው። ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ እ.ኤ.አ. በ1968 በሙከራ እንዳሳዩት፣ አደጋ የሚያይ ሰው በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ የመርዳት ዕድሉ ይቀንሳል፤ ሁሉም ሌላው ያደርገዋል ብሎ ይጠብቃል። በፊንላንድ የቱርኩ ዩኒቨርሲቲዋ ክርስቲና ሳልሚቫሊ ደግሞ ትንኮሳ የሁለት ልጆች ጉዳይ እንዳልሆነ ለዓመታት አጥንታለች። አጫፋሪ አለ፣ ሳቂ አለ፣ ገለልተኛ ነኝ ባይ አለ፣ ተከላካይ አለ። ኪቫ የተባለው ትንኮሳን የመከላከያ ፕሮግራም የተሠራው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በፊንላንድ ትምህርት ቤቶች በስፋት ገብቷል። ትኩረቱም በተመልካቹ ላይ ነው።

ለዚህ የሚሆን ልምምድ ይኸውልዎት። ታሪኩ የፈጠራ ይሁን፤ የእውነተኛው ፎቶ ነገር እንዳይነሣ። 24 ልጆች ያሉበት ግሩፕ ነው በሏቸው። አንዱ ተኝቶ አፉን የከፈተ የክፍል ልጅ ፎቶ ለቀቀ። አምስት ልጆች የሳቅ ኢሞጂ ላኩ። አንዷ ስቲከር ሠራችበት። 16ቱ አይተው ዝም አሉ። “የሳቁት ስንት ናቸው?” ብለው ይጠይቁ። አምስት ይላሉ፣ ስድስት ይላሉ። “ፎቶው ላይ ያለው ልጅስ አልጋው ላይ ሆኖ ሲያየው ስንት ይቆጥራል?” ይበሉ። እሱ 23 ነው የሚቆጥረው። ዝም ያሉት በልባቸው ያዘኑለት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ይህን ቁጥር ራሳቸው ሲደርሱበት ፊታቸው ላይ የሚታየውን እርስዎ ቢያብራሩት አያገኙትም፤ ስለዚህ አይቸኩሉ፣ ይጠብቋቸው።

ቀጥሎ አንድ ልጅ “እኔ ከተናገርኩ ነገ የሚቀለድብኝ እኔ ነኝ” ይላል። እውነቱን ነው፤ “ደፋር ሁን” ብለው አይለፉት። ግሩፕ ላይ “ተው” ማለት ከሁሉም የሚከብደው ነው። ቀለል ካለው ይጀምሩ። የሳቅ ኢሞጂ አለመላክ አንድ ነገር ነው። ፎቶውን ለሌላ ሰው ፎርዋርድ አለማድረግም እንዲሁ። ለተቀለደበት ልጅ በግል መጻፍ ደግሞ ማንም የማያየው፣ ብዙ የሚሠራ ነገር ነው። ከዚያ ለለቀቀው ልጅ በግል መጻፍ ይመጣል። ሁለት ጓደኛሞች ተነጋግረው አንድ ላይ ቢናገሩ ደግሞ ፍርሃቱ ይቀላል። ልጆቹ መልእክቶቹን በትክክል ይጻፏቸው፣ አጭር አድርገው። “አይቼዋለሁ፣ ደስ አላለኝም። ነገ አብረን እንቀመጥ።” ወይም “በናትህ አጥፋው፣ ነገ ክፍል ውስጥ ይከብዳል።” ቃሉ አስቀድሞ የተዘጋጀለት ልጅ ነው በሰዓቱ የሚጽፈው።

“ለመምህር መናገር ማሳበቅ ነው” የሚልም ይነሣል። ልዩነቱን በቀላሉ ያስቀምጡላቸው። አንድን ልጅ ለማስቀጣት ብቻ የሚነገር ሌላ ነው። አንድን ልጅ ከጭንቀት ለማውጣት የሚነገር ሌላ ነው።

የማይጠቅሙትን በአጭሩ ልጥቀስ። አንደኛ፣ ማስፈራራት። በአሜሪካ በ1970ዎቹ የተጀመረው ስኬርድ ስትሬት የተባለ ፕሮግራም ወጣቶችን እስር ቤት አስገብቶ በታራሚዎች ያስፈራራ ነበር። ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለፉት ካላለፉት የበለጠ ወደ ጥፋት ሄደው ተገኙ። ራሱን ያጠፋ ልጅ ታሪክ እያሳዩ ማስለቀስም አደጋ አለው፤ ተጨንቆ ለተቀመጠ ልጅ እንደ መውጫ መንገድ ሊታየው ይችላል። ሁለተኛ፣ የቀለደውንና የተቀለደባትን ክፍል ፊት አቁሞ ማስታረቅ። እሷ አቅም የላትም፤ “እሺ” ከማለት ሌላ ምርጫም አይኖራትም። ዕርቁ ይቅርታው በትክክል ከመጣ በኋላ፣ በእሷ ፈቃድ፣ ለብቻ ይሁን። ሦስተኛ፣ ችግር የነገረንን ልጅ ስልክ መቀማት። ወላጆችም ይህን ይስሙ። ብዙ ልጆች የሚደርስባቸውን የሚደብቁት ስልኩ እንዳይወሰድባቸው ፈርተው ነው።

በትምህርት የማይፈታ ነገርም አለ። የእርቃን ፎቶ፣ በፎቶ ማስፈራራትና ገንዘብ መጠየቅ፣ የግድያ ዛቻ፣ ራስን ስለመጉዳት የተጻፈ ነገር ከመጣ ልምምድ የለም፤ የዚያኑ ቀን ለሚመለከተው አካልና ለወላጅ ይነገራል። ልጁ አይክፈል፣ ከሚያስፈራራው ጋርም አይደራደር። አካውንቱን ከመዝጋቱ በፊት የዛቻው ጽሑፍ፣ የአስፈራሪው የአካውንት ስምና ቀኑ ይቀመጡ። የልጁን እርቃን ፎቶ ግን እርስዎ ስልክዎ ላይ አያስቀምጡ፣ ለማስረጃ ብለውም ለማንም አይላኩ። ከ18 ዓመት በታች እያለ ለተነሣ እንዲህ ያለ ፎቶ ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከልጁ ስልክ ሳይወጣ የፎቶው ዲጂታል አሻራ ብቻ ይወሰዳል። ከአገልግሎቱ ጋር የሚሠሩት መድረኮች በዚያ አሻራ ፎቶውን ፈልገው ያወርዳሉ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ልጅ መጀመሪያ መስማት ያለበት “ለምን ላክህ?” የሚለውን አይደለም። “ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ” ይበሉት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በዓመት አንድ ቀን ከሚደረግ ትልቅ ዝግጅት በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ይሻላል። ጆሴፍ ደርላክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ270,000 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉባቸውን 213 የትምህርት ቤት ፕሮግራሞች አንድ ላይ አይተዋል። ጥሩ ውጤት ያመጡት ደረጃ በደረጃ የሚሄዱ፣ ልጆቹን የሚያሠሩና የትኛውን ክህሎት እንደሚያስተምሩ በግልጽ የሚያውቁ ነበሩ። ጥናቱ ስለ ኢንተርኔት ሳይሆን ስለ ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት በጥቅሉ ነው። ግን ፊት ለፊት ስሜቱን የማይገዛ ልጅ ስልክ ላይ መግዛት ይከብደዋልና እዚህም የሚሠራ ይመስለኛል። የክፍሉን ንትርክ፣ የመጫወቻ ሜዳውን ኩርፊያ ለልምምድ ይጠቀሙባቸው። እርስዎም በወላጆች ግሩፕ ላይ የሚያናድድ ነገር ሲጻፍልዎት ምን እንዳደረጉ ይንገሯቸው። መምህራቸውም ስልኩን ገልብጦ እንደሚያስቀምጥ ሲሰሙ ነገሩ የልጆች ብቻ አለመሆኑ ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ለርዕሰ መምህሩ አስቀድመው ያስረዱ። ትምህርቱ መሥራት ሲጀምር አቤቱታው ይጨምራል። እስካሁን ዝም ይሉ የነበሩ ልጆች መምጣት ይጀምራሉ፤ “እገሌ እንዲህ ተባለ”፣ “እገሊት ከግሩፕ ወጣች” ይላሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ክፍሉ የባሰበት ይመስለዋል። አቤቱታው በዛ ተብሎ ትምህርቱ እንዳይቋረጥብዎት ይህን ከመጀመርዎ በፊት ይነጋገሩበት። የሚመጣውንም ማን እንደሚቀበል፣ በስንት ቀን ውስጥ መልስ እንደሚሰጥ አብረው ይወስኑ። ነግሮ መልስ ያላገኘ ልጅ ሁለተኛ አይመጣም።